የፊት ፍሬኑን የቀየርኩ ቀን

እኛ ሰፈር መኪና በክሪክ ማንሳት ጥሩምባ ከመንፋት አይለይም። ጎማው ከመሬት ስንዝር ሳይርቅ ሰው ይሰበሰባል። ለቀብር የሚያረፍድ ሰው እንኳን ለተፈታ ጎማ አያረፍድም። የሚመጣው ደግሞ መፍቻ ይዞ እንዳይመስላችሁ፤ ምክር ይዞ ነው። መንጃ ፈቃድ የሌለው ስለ ፍሬን ያስተምራችኋል፣ ከባጃጅ የኋላ ወንበር ወርዶ የማያውቀው ስለ ሞተር ይተነትንላችኋል። አትሳቁ፤ እናንተም ታደርጉታላችሁ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ አሶሳ የመጣሁ፣ መጥቼም ትዳር የያዝኩ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ሚስቴ ጫልቱ አዋላጅ ነርስ ናት። ሰኞ ሰኞ በመንጌ መንገድ ወዳለው ጤና ጣቢያ የምትወርደው ሦስት ባልደረቦቿን ጭና በአሮጌዋ ባለ ሁለት ዲፍረንሻል መኪናችን ነው። መንገዱ ላይ ቁልቁለት አለ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ድልድይ አለ፤ ድልድዩ ጠባብ ነው። ከዚህ በላይ ማስረዳት አልፈልግም።

ፍሬን ሲያዝ መሪው እጅ ላይ መንዘፍዘፍ ከጀመረ ወራት ሆኖታል። መካኒኩ የፊት ዲስኮቹን ሁለት ጊዜ ቶርኖ ቤት ወስዶ አስላጫቸው። ሦስተኛ ስሄድ ደግሞ፣ "ትንሽ ብናስላጨው ችግር የለውም" አለኝ። ዲስኩ ከመሳሳቱ የተነሳ ሊሰነጠቅ ደርሷል እኮ! ችግር የሌለበት እሱ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ያንን ቁልቁለት የምትወርደው የሱ ሚስት አይደለችም። ደሜ ፈላ። አዲስ ዲስክና እሱን ጨብጦ ጎማውን የሚያቆመውን የፍሬን ሸራ ከአዲስ አበባ አስመጣሁና ቅዳሜ ጠዋት እጅጌዬን ሰብስቤ ራሴ ገባሁበት።

ጉባኤው ወዲያው ሞላ። ጎረቤቴ መምህር ታረቀኝ፣ "አንዱን ብቻ ቀይርና ሌላውን ለመጠባበቂያ አስቀምጠው" አለ። አጥር የምንጋራው ነጋዴ አብዱልቃድር ደግሞ፣ "ይሄ ብሎን ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው፤ እኔ ያውቃል" ብሎ ማለ። አመንኩት። ወደ ቀኝ ስታገል የበለጠ አጠበቅኩት፤ እሱን ለማላላት ሌላ ግማሽ ሰዓት ከመሬት ጋር ተጣበቅኩ። በመጨረሻ መፍቻዬን ይዤ ብድግ አልኩ።

"ከአሁን በኋላ የሚያወራ ሰው ከግቢዬ ይውጣ" አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት።

የሚስቴ አባት አባባ ፈይሳ እንኳን፣ ከባምባሲ ሊጠይቁን መጥተው ማንጎው ሥር የተቀመጡት፣ ሊናገሩ የከፈቱትን አፍ መልሰው ገጠሙት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ።

አዲስ ዲስክ ዝገት እንዳይበላው ፋብሪካው ዘይት ቀብቶ ነው የሚልከው። ሸራ ዘይት ላይ ስለሚንሸራተት ያንን በቤንዚን አጠብኩ፣ በንጹሕ ጨርቅ አደረቅኩ፣ ሁለቱንም ቦታቸው ላይ አሰርኩ። ሸራው ብቻ ሲቀር ምሳ ተጠራሁ። አባባ ቀደም ብለው በልተው ስለነበር መኪናዋን ለሳቸው ትቼ ገባሁ። ስመለስ ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናቡ ሳይቀድመኝ ብዬ ሸራውን ከተትኩ፣ ጎማውን አሰርኩ፣ ክሪኩን አወረድኩ።

ለሙከራ ወደ መንደሩ መንገድ ወጣሁ። ፍሬን ረገጥኩ። መኪናዋ ሄደች። ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩ። ትንሽ ቀዝቀዝ አለች እንጂ ሄደች። የቆመችው የአብዱልቃድርን የቀርከሃ አጥር ጥሳ ከገባች በኋላ ነው።

አብዱልቃድር ወጥቶ አጥሩን አየና፣ "ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ አጥር ነው፤ ይታጠራል" አለ። እሱ ሲረጋጋ እኔ ባሰብኝ። ለሱ አጥር ነው። እኔ የታየኝ ድልድዩ ነው።

እዚያው ጎማውን ፈታሁ። ዲስኩን በጣቴ ነካሁት፤ ዘይት። ያበድኩት ያኔ ነው። "ያጠብኩትን ማነው ዘይት የቀባው? ይሄ ስህተት አይደለም፣ ተንኮል ነው! ይሄን ያደረገ ሰው ጫልቱን ሊገድል ያሰበ ሰው ነው!" እያልኩ መንደሩን አናወጥኩት። ፖሊስም የጠራሁ ይመስለኛል፣ በስልክ ሳይሆን በአፌ።

አባባ ፈይሳ በዝግታ ቀረብ አሉ።

"አነሰ እንዴ ልጄ?" አሉኝ። "ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው የኑግ ዘይት እሱ ብቻ ነበር።"

አያችሁ፣ ባምባሲ ያለ ገበሬ ዝናብ ሲያስገመግም ማረሻውንም መጥረቢያውንም ዘይት ያስነካል። አማቼ አዲስ ብረት ራቁቱን ቆሞ አይተው እንደራሳቸው ንብረት አዘኑለት። አማት ላይ አይጮህም፤ እኔ ደግሞ ሰፈር ሙሉ ሰው እየሰማ ልጃቸውን ሊገድሉ ነው ብያቸዋለሁ። መፍቻዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

"ታዲያ ምነው ቢጠይቁኝ አባባ?"

"እንዴት ልጠይቅ? የሚያወራ ይውጣ አልክ። የልጄ ቤት ነው፤ ወጥቼ የት ልሂድ?"

ጫልቱ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። መምህር ታረቀኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሸራው በእሳት ቢለበለብ እኮ ይደርቃል" ሲል መልስ የሰጠችው እሷ ናት። "አይሆንም፣ ዘይት የጠጣ ሸራ ይጣላል" አለች። አባቷን ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። እኔን ማንም አላስገባኝም።

ሌላ ሸራ እስኪመጣ መኪናዋ ቆመች። ሰኞ ጠዋት ሚስቴን ሚኒባስ ላሳፍር መናኸሪያ ወረድኩ። በመካኒኩም፣ በአብዱልቃድር መሐላም፣ በኑግ ዘይትም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሸራውን ከመክተቱ በፊት ዲስኩን ዞር ብሎ ባላየው ሰውዬ እየነደድኩ ነበር። ጫልቱ መስኮቱን ከፍታ፣ "አባቴን ምሳ አብላው" አለችኝ። "ደግሞ እንዳትጮህበት።"

"መቼ ጮኼ አውቃለሁ?" አልኳት።

ተሳፋሪው በሙሉ ዞሮ አየኝ።