ክቡርነታቸው መጥረጊያ ክፍል ሲገቡ

የሚያውቁት ሰው ተሹሞ ያውቃል? እንግዲያው ጭንቀቴ ይገባዎታል።

ሆላንድ አገር፣ ሮተርዳም ከተማ የአንድ ፊሊፒናዊ ነጋዴ መጋዘን ጠራጊ ነበርኩ። እኛ ሐበሾቹ ጋሼ ራሞን እንላቸዋለን፤ በላብ ተጠምቀው የኮኮናት ዘይት በርሜል አብረውን ያንከባልሉ ነበር። በሰማንያዎቹ መጀመሪያ አገራቸው አምባሳደር አድርጋ ሄግ ሾመቻቸው። የእኔ ዕድል ሆኖ፣ መጋዘኑ ሲዘጋ የገባሁበት የጽዳት ድርጅት እዚያው እሳቸው ኤምባሲ መደበኝ።

ተሿሚ መጀመሪያ የሚያባርረው ማንን ነው? ላቡን ያየበትን ሰው!

ባለቤቴም፣ “አደራህን፣ ዓይናቸው ውስጥ እንዳትገባ” አለችኝ።

ስለዚህ አንድ ወር ሙሉ ኮቴያቸውን በሰማሁ ቁጥር መጥረጊያ ማስቀመጫው ክፍል ጥልቅ እላለሁ። የብሔራዊ በዓላቸው ግብዣ ዕለትም እዚያው ተደብቄ ሳለ በሩ ተከፈተ። ክቡርነታቸው ናቸው! በሩን ከውስጥ ዘጉ፣ ከረባታቸውን አላሉ፣ ጫማቸውን አወለቁ። ባልዲ ገልብጠው ሲቀመጡ አዩኝ።

“አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?”

ውሸት ጠፋብኝ። “ከእርስዎ ተደብቄ ነው፣ ክቡርነትዎ።”

“እኔ ደግሞ ከነሱ” አሉ፣ ወደ አዳራሹ እየጠቆሙ። “ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ፈገግ አልኩ። በርሜሉ ይሻል ነበር። በል ቁጭ በል።”

እፎይ!

ከዚያ ወዲህም ኮቴያቸውን ስሰማ ወደዚያው ክፍል እሮጣለሁ፤ ባልዲ ልገለብጥላቸው።