የመስኮቱ ቀበቶ

በላውንደሪው ውስጥ ሁለት የመተኮሻ ጠረጴዛዎች አሉ። አንደኛው መስኮቱ ሥር ነው፤ ብርሃን አለው፣ ነፋስ አለው፣ መንገዱም ሁሉ ይታይበታል። ሁለተኛው ከኋላ፣ የፈላ ውሃው በርሜል አጠገብ ነው፤ እዚያ የቆመ ሰው ከሸሚዙ በፊት ራሱ ይተኮሳል። መስኮቱ ሥር የሚቆመው ቆይማ ነው። ምንም ነገር ቢሉት አስቀድሞ «ቆይማ» ስለሚል ስሙ በዚያው ቀረ። ከኋላ የሚቆመው ደግሞ የእህቱ ባል ነው። ያልተጠየቀውን ሁሉ ስለሚያወራ ጋዜጣው ይሉታል። ጋዜጣው ይህን ሁሉ እውቀት ተሸክሞ ከግድግዳ ጋር ተፋጦ መዋሉ ያንገበግበዋል፤ መስኮቱን ካላገኘ ምግብ አልዋጥልህ ካለው ሰንብቷል። የቤቱ ባለቤት እትዬ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጠው የወላለቀ የልብስ ቁልፍ ይተክላሉ፤ የሁለቱን ንትርክም ሳይወዱ ይሰማሉ።

[ጠዋት ነው። ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ሆነው እየተኮሱ ስለ ማታው የቦክስ ግጥሚያ ይከራከራሉ።]

ቆይማ፦ ዓይኑ እኮ እንደ ድንች አብጦ ነበር ጋሼ። እንዴት አሸነፈ ይባላል?

ጋዜጣው፦ ዳኛ እብጠት አይመዝንም። ነጥብ ነው የሚሰጠው።

ቆይማ፦ ቆይማ። ያኛው አንድ ጭረት የለበትም። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ «ዛሬ ሥራ አልገባህም እንዴ» የምትለው ዓይነት ነው። እሱ ነው የተሸነፈው?

ጋዜጣው፦ እሱ ነው። በነጥብ።

ቆይማ፦ ለሚስቱ ምን ብሎ ሊያስረዳት ነው?

ጋዜጣው፦ [ካውያውን አስቀምጦ ዘወር ይላል፤ የሚያስተምረው ሰው ሲያገኝ እጁ ሥራ አይወድም] ስማኝ። እያንዳንዱ ዙር ለብቻው ይዳኛል። ዙሩን ያሸነፈ አሥር ያገኛል፤ የተሸነፈ ዘጠኝ።

ቆይማ፦ ተመትቶ ዘጠኝ?

ጋዜጣው፦ ተመትቶ ዘጠኝ።

ቆይማ፦ ከአሥር?

ጋዜጣው፦ ከአሥር።

ቆይማ፦ እኔ ትምህርት ቤት ተመትቼም ከሦስት አልፌ አላውቅም። መምህሬ ሕጉን አያውቁትም ነበር ማለት ነው።

ጋዜጣው፦ ወድቆ ከተነሣ ግን ወደ ስምንት ይወርዳል።

ቆይማ፦ ሁለቴ ከወደቀ?

ጋዜጣው፦ ሰባት።

ቆይማ፦ ወድቆ ጭራሽ ካልተነሣስ?

ጋዜጣው፦ ያኔማ አበቃ። ነጥብ ብሎ ነገር የለም።

ቆይማ፦ ግፍ ነው። ነጥብ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእሱ ነበር። ሆስፒታል ባዶ እጁን ሊሄድ ነው?

ጋዜጣው፦ [ወደ ጣሪያው ቀና ይላል፤ ይህን ሰው ወንድሜ ብላ የሰጠችውን ሚስቱን ያስባል] የነጥብ ዳኞቹ ሦስት ናቸው። በሦስት ጎን ለየብቻ ይቀመጣሉ፤ አይነጋገሩም።

ቆይማ፦ ተኳርፈው ነው?

ጋዜጣው፦ እንዳይመካከሩ ነው። አንዱ ጀርባውን ሲያይ ሌላው ፊቱን ያያል።

ቆይማ፦ ጀርባ የደረሰው ዳኛ ምን ብሎ ይፈርዳል?

ጋዜጣው፦ ያየውን።

ቆይማ፦ «ጀርባው ደህና ነው» ብሎ?

ጋዜጣው፦ አንተ እዚያ መስኮት ሥር ስትቆም ብርሃኑ ራሱ ይባክናል።

እትዬ፦ [ከመጋረጃው ጀርባ] ደግሞ መስኮቱ ላይ ደረሳችሁ። ዛሬ ቁርጡን ካልነገራችሁኝ ሁለታችሁንም ከኋላ አቆምና መስኮቱ ላይ ኮት ማሳያ አሻንጉሊቱን አቆማለሁ። እሱ ቢያንስ አይናገርም። እስቲ አንተ፣ መስኮቱን ለምን ፈለግኸው?

ጋዜጣው፦ ለሰው እትዬ። ሰው ካላየሁ አንደበቴ ይዝጋል።

እትዬ፦ ምነው በዛገ። አንተስ?

ቆይማ፦ አባቴ ጠዋት ጠዋት እግሩን ሊያፍታታ ወጥቶ ከማዶው አግዳሚ ወንበር ላይ ያርፋል። እኔ ካውያዬን አነሣለታለሁ፣ እሱ ምርኩዙን ያነሣልኛል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ካላየኝ ግን «ልጄ ምን ሆነ» ብሎ ሊጠይቅ ይሻገራል። ሲሻገር ደግሞ ግራ ቀኝ አያይም። ባለ መኪናው ነው እሱን የሚያየው።

ጋዜጣው፦ አማቴ እኔንም ያውቁኛል። ካውያ ማንሣት ከሆነ እኔ አነሣላቸዋለሁ።

ቆይማ፦ ጋሼ፣ አንተ ካውያ መቼ ታነሣለህ? ወሬ ስትጀምር ኮት ላይ ትተኸው ነው የምትሄደው።

ጋዜጣው፦ አንድ ጊዜ ያጋጠመ ነገር ነው።

ቆይማ፦ ጊዜውስ አንድ ነው። ኮቱ ነው ሁለት።

[የልብስ ማድረቂያው ማሽን ይደውልና ቀጥ ይላል። ከታመመ ወዲህ ሦስት ደቂቃ ይሠራል፤ ይደውላል፤ አንድ ደቂቃ ትንፋሹን ሰብስቦ ደግሞ ይነሣል። ጋዜጣው ድምፁን ሲሰማ ፊቱ ይበራል።]

ጋዜጣው፦ አገኘሁት። ሦስት ደቂቃ ውጊያ፣ አንድ ደቂቃ እረፍት። ይህ ማሽን ታሞ አይደለም፣ ቦክስ ተምሮ ነው። እትዬ፣ በሦስት ዙር እንለይ። በአፍ። እርስዎ ዳኛ ይሁኑ።

እትዬ፦ ሦስት ዳኛ ነው ያልከው።

ጋዜጣው፦ እርስዎ ከመጋረጃ ጀርባ ስለሆኑ ፊትም ጀርባም አያዩም። ከሦስቱም ይሻላሉ።

እትዬ፦ ነጥቡን በምን ልያዝ? ቁልፍ ነው ያለኝ።

ጋዜጣው፦ ሁለት ኩባያ ያቅርቡ። ዙሩን ላሸነፈ አሥር ቁልፍ፣ ለተሸነፈ ዘጠኝ። ውጤቱ እስከ መጨረሻው አይነገርም። የተወረወረ ሁሉ አይቆጠርም፤ ያረፈው ነው የሚቆጠረው። መቶ ቡጢ ወርውሮ ሁሉንም ጓንት ላይ ያሳረፈ ሰው ነፋስ አበጠረ እንጂ አልመታም። ደግሞ ያለፈ ዙር አለፈ። የአንደኛው ዙር በሬ በሁለተኛው አያርስም።

ቆይማ፦ ቆይማ። ደወል ከተደወለ በኋላ ቢመታኝስ?

ጋዜጣው፦ ጥፋት ነው። ደወል ማለት ደወል ነው፤ እጅህ አየር ላይ ቢሆን እንኳ እዚያው ትተዋታለህ። በመጀመሪያው የመሃል ዳኛው ያስጠነቅቃል፤ ካልሰማ ነጥብ ይቀንሳል።

ቆይማ፦ እጄን አየር ላይ ትቼ ወዴት እሄዳለሁ?

እትዬ፦ የመሃል ዳኛም እኔው ነኝ። ከየጠረጴዛችሁ ውጡና መሃል ላይ ቁሙ።

[ሁለቱ ከሸሚዝ መስቀያዎቹ መካከል ፊት ለፊት ይቆማሉ። ማድረቂያው ይነሣል። አንደኛ ዙር።]

ጋዜጣው፦ እትዬ፣ መስኮት የቤት ፊት ነው። ፊት ላይ የሚያምረው አፍ ነው። እኔ እዚያ ብቆም ያለፈ ሁሉ ሰላም ይለኛል። ሰላም ያለ ይቆማል፤ የቆመ ይገባል፤ የገባ ኮቱን ያወልቃል።

ቆይማ፦ ቆይማ። ብርድ ቢሆንስ?

ጋዜጣው፦ ሱሪውን።

ቆይማ፦ ለብርድ?

ጋዜጣው፦ ገበያ ነው የምልህ። እኔ ያየሁት ሰው ሳይተኮስ አያልፍም። አንተ ግን ሰው ሲያይህ እንኳ ዞር ብለህ ማንን ነው ትላለህ።

ቆይማ፦ አንዳንዴ ከኋላዬ ያለውን ነው።

ጋዜጣው፦ ከኋላህ ያለሁት እኔ ነኝ።

ቆይማ፦ ታዲያ መስኮቱ ምን ያደርግልሃል? ከዚያም ሆነህ ታይተሃል።

[ደወል።]

ጋዜጣው፦ መታየትና መፈለግ ይለያያል፣ ይኸውልህ ለምሳሌ አንድ ሰው...

እትዬ፦ ደወል ተደውሏል።

ጋዜጣው፦ ምሳሌዬን ልጨርስ ብዬ ነው።

እትዬ፦ ምሳሌህን አየር ላይ ተዋት። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። [ቁልፎች ኩባያ ውስጥ ሲንኳኩ ይሰማል]

ቆይማ፦ ጋሼ፣ የኔስ ዘጠኝ ናት አይደል? ምንም ባላደርግም?

ጋዜጣው፦ ዘጠኝ ናት።

ቆይማ፦ ምን ዓይነት ደግ ሕግ ነው።

[ማድረቂያው ይነሣል። ሁለተኛ ዙር። ጋዜጣው በልቡ አሥሯን ይዟል፤ አገጩ ከፍ ብሏል።]

ቆይማ፦ እኔ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ባለፈው ሰኞ እኔ ስዘገይ መስኮቱ ላይ አንተ ቆመህ አልነበር?

ጋዜጣው፦ ቆሜ ነበር። ሰላምታው ጎርፍ ነበር።

ቆይማ፦ ሦስት ሱሪ ይዞ የገባው ሰውዬስ?

ጋዜጣው፦ የቱ ሰውዬ?

ቆይማ፦ ጨርቁ መናኛ ነው ያልከው። ከዚያ ልኩ አይደለም ያልከው። ከዚያ የሰፋውን ልብስ ሰፊ ሰደብህለት።

ጋዜጣው፦ እውነት ነው የነገርኩት።

ቆይማ፦ ሰፊው ራሱ ነበር።

[ከመጋረጃው ጀርባ የመርፌ ድምፅ ይቆማል።]

እትዬ፦ እኔ ነኝ መዝገብ ላይ የተጻፈ ሦስት ሱሪ ጠፋ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስፈልግ የከረምኩት?

ጋዜጣው፦ አልጠፋም እትዬ። ይዞት ሄደ። በክብር።

ቆይማ፦ «የቤት ፊት» ካልከው ላይ ነው የወጣው?

[ደወል።]

ጋዜጣው፦ ይህኛው ሰው ግን መጀመሪያውኑ...

እትዬ፦ ደወል። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ከእንግዲህ ከደወል በኋላ አንዲት ቃል ብትወጣህ ቁልፍ እወስዳለሁ። እዚህ ያለው ኮት አንድ ቁልፍ ጎድሎታል፤ በደስታ ነው የምወስደው።

[ጋዜጣው አፉን በእጁ ይይዛል። ቆይማ አንገቱን አስግጎ በመስኮቱ ይመለከታል፤ ማዶ አግዳሚው ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ወደዚህ እያዩ ነው።]

ቆይማ፦ መጥቷል።

[ማድረቂያው ይነሣል። ሦስተኛ ዙር።]

ጋዜጣው፦ አሁን እኔ ልጠይቅ። የሙሽራውን ነጭ ሱፍ ለፍርድ ቤቱ ዳኛ፣ የዳኛውን ጥቁር ካባ ለሙሽራው የላከው ማን ነው?

ቆይማ፦ ...ሁለቱም ቅዳሜ ይፈለጋሉ ተባልኩ።

ጋዜጣው፦ ሙሽራው ካባ ለብሶ አዳራሽ ሲገባ ምን ሆነ?

ቆይማ፦ ታዳሚው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። ክብር ነበር ጋሼ።

ጋዜጣው፦ ሚዜዎቹስ?

ቆይማ፦ አንደኛው እጁን አውጥቶ «ጥፋተኛ አይደለሁም» አለ።

ጋዜጣው፦ ዳኛውስ ነጭ ሱፍ ለብሰው፣ አበባ ደረታቸው ላይ ሰክተው ችሎት አልተሰየሙም?

ቆይማ፦ አበባውን እኔ አልላክሁም። ኪሱ ውስጥ አግኝተውት ነው።

ጋዜጣው፦ ተከሳሹ ምን አላቸው?

ቆይማ፦ [በቀስታ] እንኳን ደስ ያለዎት።

[እትዬ ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ ያፍናቸዋል። ጋዜጣው ደረቱን ይነፋል፤ ይህ ቡጢ ጓንት ላይ እንዳላረፈ ያውቃል። መስኮቱ ሥር ቆሞ የሚያወራው ወሬ ከአሁኑ አፉን ሞልቶታል። ደወል። ጋዜጣው ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ይዘጋል። ማዶ ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ይነሣሉ።]

ቆይማ፦ [መስኮቱን እያየ፣ በዚያው በደነዘዘ ድምፁ] እኔ የምለው ጋሼ... የማታው ግጥሚያ ለቀበቶ ነበር አይደል?

[ጋዜጣው ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል።]

ቆይማ፦ እኩል ነጥብ ቢያመጡ ኖሮ ቀበቶውን መሃል ለመሃል ነው አይደል የሚቆርጡት? በመቀስ?

[ጋዜጣው መልሱን ሊውጥ ይሞክራል፤ አይወርድለትም። ፊቱ ይቀላል። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ይገተራል።]

ቆይማ፦ ግማሽ ቀበቶ ደግሞ ለማን ወገብ ይበቃል? ለልጁ ያደርገዋል መሰለኝ።

ጋዜጣው፦ ቀበቶ አይቆረጥም! አቻ ከወጡ ቀበቶው ቀድሞ ይዞት ከነበረው ሰው ወገብ አይፈታም። ተጋጣሚው አሸንፎ ካልነጠቀው በቀር ባለበት ይቀራል። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

[ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ቁልፍ ከኩባያ ስትወጣ ይሰማል። ከዚያ ክር ሲበጠስ።]

እትዬ፦ ኮቴ ሞላልኝ። [መጋረጃውን ገልጠው ሁለት ኩባያ ይዘው ይወጣሉ] አንደኛው ዙር የጋዜጣው ነው። ሱሪ በብርድ ማስወለቅ ቀላል ችሎታ አይደለም። ሁለተኛው የቆይማ።

ጋዜጣው፦ ሦስተኛውስ እትዬ?

እትዬ፦ ከካባው በኋላ ምን ይባላል? ያንተ ነው።

ጋዜጣው፦ ሁለት ለአንድ። ቆይማ፣ ካውያህን ወደ ኋላ...

እትዬ፦ በዙር አይደለም፣ በነጥብ ነው ብለኸኛል። ከደወል በኋላ ለተናገርከው አንድ ቁልፍ ወስጃለሁ። ያንተ ሃያ ስምንት። እሱ ገና የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያው ነው፤ የእሱም ሃያ ስምንት። ከፈለግህ ቁጠረው።

[ጋዜጣው ኩባያው ውስጥ ይመለከታል፤ ከንፈሩ ይቆጥራል። ቀና ሲል ቆይማ ከፊቱ የለም። መስኮቱ ጋ ደርሶ ካውያውን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዟል። ማዶ፣ አንድ እግራቸውን አስፋልቱ ላይ ያወረዱት ሽማግሌ ቆም ይላሉ። ምርኩዛቸውን ያነሣሉ። እግራቸውን ወደ እግረኛ መንገዱ መልሰው ቀስ እያሉ ይሄዳሉ።]

ጋዜጣው፦ [ወደ ኋላ ጠረጴዛው ተመልሶ፣ በእንፋሎት ውስጥ] ቆይማ።

ቆይማ፦ አቤት ጋሼ።

ጋዜጣው፦ ይህን የቀበቶውን ነገር ማታ ግጥሚያውን ስናይ ነግሬህ አልነበር እንዴ?

ቆይማ፦ ነግረኸኛል። ባለፈው ሳምንትም ነግረኸኛል።

ጋዜጣው፦ ታዲያ ካወቅኸው ለምን ጠየቅኸኝ?

ቆይማ፦ [ሸሚዙን እየገለበጠ] ደወሉ ተደውሎ ነበራ።