እንዳይታረም የተጻፈ ስህተት

ሰው ሁሉ የሚፈራው ነገር አለው። አንዱ ውሻ ይፈራል፣ አንዱ አሳንሰር ይፈራል፣ አንዱ ደግሞ ሚስቱን ይፈራና ሲጠየቅ ውሻ ነው ይላል። እኔ የምፈራው ስህተትን ነው። አትሳቁብኝ፣ ምክንያት አለኝ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ከትምህርት ከወጣሁ በኋላ ጉልበቴ እስኪደክም ድረስ፣ ልደታ ውስጥ በአንድ ፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ በአንድ ጃንጥላና በአንድ የጽሕፈት መኪና ማመልከቻ ጸሐፊ ነበርኩ። የባልቴቷ ቤት፣ የወንድማማቾች ጠብ፣ የተፈታች ሴት ልጆች፣ ይህ ሁሉ በእነዚህ ጣቶቼ በኩል ነው ያለፈው። ከሳሽንና ተከሳሽን የምትለያቸው አንዲት ፊደል መሆኗን አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በየቀኑ አስብ ነበር።

መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ አንድ ሰውዬ ነበር። ማን እንደበደለ ማን እንደተበደለ ጉዳዩ አይደለም። የሱ ሥራ ወረቀቱን ማየት ብቻ ነው። ስም በስም ቦታ፣ ቀን በቀን ቦታ፣ ፊርማ በፊርማ ቦታ መቀመጡን ያያል። ካልተቀመጠ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ይመልሰዋል። ሌላው ዳኛ ይፈራ ነበር፤ እኔ ያንን ሰውዬ ነበር የምፈራው።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ ልጄ ሰላማዊት ያንን ሰውዬ እየሠራች ስለሆነ ነው።

በኮምፒውተር ውስጥ ነው የምትሠራው። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሆና ለክሊኒኮች የሚሆን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ያዘጋጃሉ። ቃላቱ አማርኛ ስለሆኑ እኔም እንደ ነገሩ አነበዋለሁ። በቋንቋው ውስጥ ፈታሽ የሚሉት ክፍል አለ። አንድ ፕሮግራም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፈታሹ ያነበውና እያንዳንዱ ነገር በዓይነቱ መቀመጡን ያያል፤ ክብደት በክብደት ቦታ፣ ዕድሜ በዕድሜ ቦታ፣ የክኒን ብዛት በክኒን ብዛት ቦታ። ሁሉም ቁጥር ነው ብሎ አይታለልም። ሰባ ኪሎና ሰባ ዓመት ለሱ ዘመዳሞች አይደሉም። የተዛባ ነገር ካየ ይጮኻል፣ ፕሮግራሙም አይነሳም።

«ፈታሹንስ ማን ይፈትሸዋል?» አልኳት አንድ ቀን።

«ስህተት ነዋ፣ አባዬ።»

ለካ ስልሳ ፋይል ሙሉ ሆን ብላ ስህተት ጽፋለች! በእያንዳንዱ ፋይል ውስጥ አንድ ስህተት አለ፣ ከፋይሉ አናት ላይ ደግሞ «እዚህ መጮህ አለበት» የሚል ምልክት። ፈታሹ ከጮኸ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ይመጣል፤ ዝም ካለ ቀይ።

«ሲጮህ ነው ደስ የሚልሽ?»

«ሲጮህማ ሰላም ነው። ዝም ሲል ነው የምሞተው።»

ዓርብ ዕለት ሥራውን ለአለቆቿ ልታሳይ ነበር። ከወደዱት ይቀጥላል፣ ካልወደዱት የሁለት ዓመት ድካሟ ተዘግቶ ወደ ሌላ ሥራ ትዛወራለች። ስለዚህ ሰኞ ላፕቶፑን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችና አንድ ነገር ለመነችኝ። በእያንዳንዱ ፋይል ውስጥ ያለው ስህተት አንድ ብቻ መሆን አለበት፤ ሁለት ከሆነ ፈታሹን ያስጮኸው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ትርፍ ስህተት ካየሁ ላርም፣ ምልክት የተደረገበትን ግን እንዳልነካ። «እንዳንተ ያለ ዓይን የለም» አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስህተት ሳሳድድ ኖሬ በስተርጅና የስህተት ዘበኛ ሆንኩ።

እስከ አርባ ሁለተኛው ፋይል ድረስ ደህና ሄድኩ። አርባ ሦስተኛውን ስከፍት ስሜን አየሁ።

ልጄ ለምሳሌ የሚሆን ታካሚ ስታጣ የቤቱን ሰው ጽፋለች። ታካሚ፦ ተሰማ። ዕድሜ፦ ሰባ አንድ። በቀን የሚወስደው የደም ግፊት ክኒን፦ ዕድሜ። ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ ገባችሁ? ተሰማ በቀን ሰባ አንድ ክኒን ይዋጥ ማለት ነው። የውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ምልክቱም ከላይ አለ። ግን ፋይል እኮ እግር አለው፤ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ማን እንደሚከፍተው አይታወቅም። አንድ ቀን አንዲት ነርስ ብትከፍተውስ? ተሰማ ማለት እኔ ነኝ፣ ክኒኑም የምወስደው ነው። ዙሪያዬን ተመለከትኩ። ማንም የለም። «ዕድሜ» የሚለውን አጥፍቼ «አንድ» ብዬ ጻፍኩ። ልቤ ተመለሰ። ወደ አርባ አራት አለፍኩ።

ማክሰኞ ልጄ ከሥራ ስትመጣ ፊቷ አመድ መስሏል። ሃምሳ ዘጠኙ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ። እሷ እንደመሰላት፣ ፈታሹ ዕድሜን በክኒን ቦታ ሲያይ ዝም አለ፤ ከስህተቶቹ ሁሉ ሰው የሚገድለውን አሳለፈ። ለጓደኛዋ በስልክ ስትናገር ከጓዳ ሆኜ ሰማኋት። «ፋይሉን ተይው፣ ፋይሉ ንጹሕ ነው። አባዬ አንድ በአንድ አይቶታል።»

ያጠብኩትን ብርጭቆ እንደገና አጠብኩት።

ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ግን እኔ በዚህ ዓለም የምኮራበት ሌላ ነገር የለኝም። ቤቱ የዕጣ ነው፣ ትምህርቱ ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ያለኝ «ተሰማ አይሳሳትም» የሚለው ብቻ ነው። ረቡዕ ጧት ወርጄ ከብሎካችን ሥር ፀሐይ ይሞቅ የነበረውን ጎረቤቴን ዘውዴን አማከርኩት። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው።

«ጸሐፊው፣ ምነው ፊትህ የተመለሰ ማመልከቻ መሰለ?»

ነገርኩት።

«ታዲያ ይኼ ያስጨንቃል? ዝም በላ! ኮምፒውተሩ አጠፋ ይባላል። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የገጨሁትን ሁሉ የገጨሁት ፍሬን እምቢ ብሎኝ ነው።»

ምክሩን አልወደድኩትም። ግን ተከተልኩት።

ልጄ ያን ቀን ከቤት ሆና ስትሠራ ምሳ እንኳ አልበላችም። ፈታሹን ፈታታችው፣ የክኒን ብዛት የሚመለከተውን ቦታ ደጋግማ አጠበቀችው። እኔ ከወንበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ወንበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከክፍሏ ጩኸት ሰማሁ።

«ጮኸ! አባዬ፣ ጮኸ! ስልሳውም አረንጓዴ!»

መጥታ አቀፈችኝ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ አቀፍኳት። ማንም አላወቀብኝም፣ ሥራዋም ተረፈ፣ ነገ አሳይታ ትመለሳለች። ከዚያ እቅፏ ውስጥ እንዳለሁ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አርባ ሦስተኛው ፋይል ትክክል ነው እኮ! እኔ ራሴ ነኝ ያረምኩት። ፈታሹ አሁን የሚጮኸው በትክክለኛው ነገር ላይ ነው። የቀሩት ሃምሳ ዘጠኝ ሁሉም ስህተት ናቸው፤ የመጣውን ሁሉ የሚመልስ ሰውዬ በእነሱ ፊት ጎበዝ ይመስላል። ነገ ግን በአንድ ክሊኒክ አንድ ሽማግሌ አንድ ክኒን ይሰጠው ተብሎ በትክክል ይጻፍለታል፣ ፈታሹ ይጮኻል፣ ፕሮግራሙ አይነሳም፣ ሽማግሌው መድኃኒቱን ሳያገኝ መስኮቱ ላይ ቆሞ ይቀራል። ይህን የሚያውቅ በመላው ልደታ አንድ ሰው ብቻ ነው። ዘውዴን ከቆጠርነው ሁለት።

«ሰላማዊት» አልኳት። «ያ ፋይል ትክክል ነው።»

«የቱ ፋይል?»

«አርባ ሦስት። አርሜዋለሁ።»

ለቀቀችኝ። ሄዳ ከፈተችው። ጀርባዋን ነበር የማየው፣ እሱም አይንቀሳቀስም። ያ የመዝገብ ቤት ሰውዬ እንኳ እንደዚህ አስፈርቶኝ አያውቅም።

«ለምን?»

«ሰባ አንድ ክኒን እንዴት ልዋጥ?»

«አባዬ! ምሳሌ እኮ ነው!»

«ስሙ የኔ ነው።»

የፈታሹን የሰኞ ቅጂ አስቀምጣ ኖሮ አወጣችው፣ ፋይሉንም ወደ ስህተቱ መለሰችው፣ አስነሳችው። ጮኸ። አረንጓዴ። ለካስ ከመጀመሪያው ምንም አልሆነም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ጤነኛ ሰው ነው ስታክም የከረመችው።

«ሌላስ ያረምከው አለ?»

«የለም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ይህን ጥያቄ ለእኔ ዓይነቱ ሰው አያቀርቡም። «አይደለሁም» አልኳት። ስልሳውን እንደገና አንድ በአንድ አብረን አየናቸው። ሌላ አልነበረም።

ዓርብ ከስብሰባው እስክትመለስ ድረስ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚወጣውን እግር ሁሉ አዳመጥኩ። መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ነገርኳቸው» አለች። «የሆነውን ሁሉ።»

«እኔ መሆኔንም?»

«እሱንማ ሳቁበት። ነገሩን ግን አልሳቁበትም። ትክክለኛውን ሲያይ ዝም የሚል መሆኑን በምን አወቅሽ አሉኝ። አንድም ትክክለኛ ፋይል አልነበረኝም። ሁለት ሳምንት ሰጡኝ፤ ከዚያ በኋላ ይወስናሉ።»

«በእኔ ጣጣ።»

«በራሴ ነው እንጂ። ደግሞ ስህተቶቹም አይበቁም። ስልሳውንም ያሰብኳቸው እኔ ነኝ። እኔ እንዳንተ ፈሪ አይደለሁም፤ ብዙ አይታየኝም።» ወደ እኔ ዞረች። «ክሊኒክ ስትሄድ የሚያስፈራህን ሁሉ ጻፍልኝ። ይኼ ቢሆንስ፣ ያ ቢሆንስ የምትለውን።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ አባዬ። ምንም ሳታርም።»

ከታች ካለው ሱቅ መቶ ገጽ ደብተር ገዛሁ። ከቤት ስወጣ ካለው ፍርሃት ጀመርኩ። ደብተሩ ትናንት አለቀ፤ ገና የክሊኒኩ በር ላይ አልደረስኩም።