ክታብ የመሰለው ወረቀት

እናንተዬ፣ የሦስተኛ ወገን መድንን እንደ ክታብ የሚያይ ሾፌር ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ደባርቅ ገበያ ላይ ገጠመኝ፤ በሚኒባሱ እግሬን ሰበረው።

በሦስተኛው ቀን ከአንድ ቄስና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር፣ ድንጋይ ተሸክሞ ቤቴ መጣ።

«እማማ፣ ስለ መድኃኔዓለም ይማሩኝ። ፖሊስ አይግባብን።»

«መድን የለህም?»

«ኧረ አለኝ! መስታወቱ ላይ ለጥፌዋለሁ።»

«ለምን ለጠፍኸው?»

«ትራፊክ እንዳይዘኝ ነዋ!»

ሰማችሁት? ሕጉ ያን መድን ግዴታ ያደረገው እኮ የተገጨው ሰው እንዲታከምበት ነው። ፖሊስ አደጋውን ካልመዘገበ መድን ሰጪው በምን ያውቃል? ጎረቤቴም መኪና ገጭቷት እንዲህ በሽማግሌ ይቅር ብላ ሳታስመዘግብ ቀረች፤ ይኸው እስከ ዛሬ ታነክሳለች። እኔንም ሐኪሙ ጎንደር ሄደሽ ካልታከምሽ አትራመጂም ብሎኛል።

«ድንጋዩን አውርድ፤ ምሬሃለሁ» አልሁት።

ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ሊመርቁን ተነሡ።

«ቆዩ፣ ገና ነው። አንተ፣ በዚያችው መኪና ፖሊስ ጣቢያ አድርሰኝ። አባም ይግቡ፣ እናንተም ግቡ፤ ምስክሮቼ ናችሁ።»

ቄሱ ሾፌሩን አዩት፤ ሾፌሩ ወጥቶ የመኪናውን በር ከፈተ። ደግፈው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። የመድኑ ወረቀት መስታወቱ ላይ፣ ልክ ዓይኔ ፊት ነበር።

«በል ቀስ ብለህ ንዳ» አልሁት። «የለጠፍኸው የኔን እግር ነው።»