ወገብ ያሳመመው ወንበር ፍርድ

በመሥሪያ ቤታችን ፍትሕ እንደ ዘንድሮ ሰፍኖ አያውቅም። ለዘመናት ያገለገለው የእንጨት ወንበር የሥራ አስኪያጃችንን ወገብ በማሳመም ለዚሁ በተቋቋመ ኮሚቴ ፊት ተከሰሰ። መከላከያ እንዲያቀርብ ሲጠየቅ አንዲት ቃል ባለመተንፈሱ ጥፋቱን እንዳመነ ተቆጥሮ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ወረደ።

እርግጥ አንድ ሐኪም የፍትሑን ሂደት ሊያደናቅፍ ሞክሮ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከባለቤታቸው ጋር ሊታዩ ቢሄዱ፣ ስለ ወንበሩ አንድም ሳይጠይቅ ደማቸውን መረመረ።

«ስኳርዎ አልወረደም» አላቸው። «በአከርካሪዎ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ፣ ዲስክ የምንለው፣ ውሃ አዝሎ ነው የሚኖረው። ስኳሩ ምግብ የሚያደርሱለትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲጎዳበት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በዚሁ ከቀጠሉ እግርዎም ሊከዳዎት ይችላል።»

«ዶክተር፣ እኔን ያመመኝ ወገቤን ነው። ስኳሬን ማን ጠየቀዎት?»

«አንተ ሰው፣ እግርህን እኮ ነው የሚሉህ!» አሉ ባለቤታቸው።

«እግሬ ምን ሆነ? ይኸው ቆሜበት የለ!»

ከዚህ በኋላ ምን ክርክር አለ? «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እያሉ የሚያሽሟጥጡ ምቀኞች አልጠፉም። አህያው ሥራ አስኪያጅ ሲሆን ግን ዳውላውን መደብደብ የመሥሪያ ቤት ደንብ ነው።

በተባረረው ፋንታ የቆዳ ወንበር ተገዛ። ለአቀባበሉ ኬክ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ፤ ሥራ አስኪያጁም የክብር ቁራሹን ከነክሬሙ ዋጡ። ወገባቸው ባሰበት። ኮሚቴው የቆዳውንም አባረረና የሚሽከረከር አስመጣ። ኬኩም በዚያው ልክ ገዘፈ። እንዲህ ያለ ቆራጥ ኮሚቴ ከየት ይገኛል!

በሚሽከረከረው ወንበር ምርቃት ላይ ሥራ አስኪያጁ የለስላሳ ጠርሙሳቸውን እንደያዙ ለንግግር ተነሱ።

«ክቡራን ባልደረቦቼ፣ ችግሩን ከሥሩ ነቅለን...»

አልጨረሱትም። ወገባቸው ቀጥ አደረጋቸው፤ ግራ እግራቸው ከዳቸውና ወደቁ።

«ጌታዬ፣ ሐኪሙ ያለው ስኳር ይሆን እንዴ?» አለች ጸሐፊያቸው።

«ምን ስኳር ትያለሽ! ወለሉ ነው! ኮሚቴው ይሰብሰብ!»

ኮሚቴው ወለሉን ሲመረምር ሰነበተ። ሥራ አስኪያጁም ከሆስፒታል ተመለሱ፤ ሐኪሙ ባዘዘላቸው፣ ባለቤታቸው በሚገፉት ባለ ትልልቅ ጎማ ወንበር። እኛም እንደ ደንባችን ኬክ አቀረብን።

ሥራ አስኪያጁ ቁራሻቸውን እየጎረሱ አዲሱን ወንበር ገላመጡት።

«ይሄንንም አባሩልኝ!»

ባለቤታቸው ሳህኑን ከእጃቸው ነጠቁ።

«በል እንግዲህ፣ መጀመሪያ ከላዩ ተነስ።»