የተዋናዩ መጽሐፍና የባለቤቴ ቅዳሜ

መርዶ ነጋሪ የሚመጣው በማለዳ ነው፤ ሰው ፊቱን ሳይታጠብ፣ ጫማውን ሳያጠልቅ። ለእኔ ግን በቀትር መጣ። ሐሙስ ነበር። መካኒሳ ከባለቤቴ የልብስ ስፌት ሱቅ ጎን ሚስማርና ቀለም የሚሸጠው ሙዲን፣ ለቡ ድረስ መጥቶ ደጃፌ ላይ ቆመና ውሃ ለመነኝ። ሰጠሁት። አልጠጣውም። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ሲያየኝ ገባኝ። ሳይጠማው ውሃ የሚለምን ሰው የያዘው ነገር ከብዶት ነው።

ከዚያ ወዲህ ወሬ ይዞ የሚመጣ ሰው እፈራለሁ። በቀደም ይኸው ሙዲን እንደገና መጣ፤ አሁንስ ውሃውን ጠጣ። ያ የቴሌቪዥኑ ተዋናይ የሕይወት ታሪኩን እንዳሳተመ ነገረኝና፣ “ጋሼም አሉበት አሉ” ብሎ ጨመረ፤ ባለቤቴን ማለቱ ነው። እናንተ ነገሩን አታውቁትምና ላውጋችሁ።

ተዋናዩ በአንድ ተከታታይ ድራማ ላይ እናቱን ከቤት የሚያባርር ልጅ ሆኖ ይጫወት ነበር። አሳምሮ ስለተጫወተ አገር ጠላው። አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥር ባለቤቴ ሱቅ ገባ። ባለቤቴ፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበበ ሰው፣ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ፣ “መጀመሪያ እናትህን ቤት አስገባና ና” አለው። ደጅ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ልጁ ሱሪውን አጣጥፎ ወጣ።

ይህን ሲያወራልኝ ጀግና መስሎ ነበር። ወሩ ሳይሞላ ግን ሙዲን ሌላ ነገር ሰምቶ መጣ፤ ተዋናዩ ሀና ማርያም አካባቢ ከታመሙ እናቱ ጋር እንደሚኖር፣ ቤተ ክርስቲያንም ደግፎ እንደሚያደርሳቸው። ባለቤቴ ያን ቀን እራቱን አልጨረሰም። ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ለመመለስ ዳገት መውጣት ይጠይቃል፤ የባለቤቴ ጉልበት ደግሞ (ጉልበት ስል ኩራቱን ነው) ዳገት አይወድም። ይህ ቅዳሜ፣ የሚመጣው ቅዳሜ ሲል ከረመ። በመጨረሻ ቁርጡን ነገረኝ፤ ቅዳሜ። ሐሙስ ሞተ።

በሠልስቱ ተዋናዩ ድንኳን ገብቶ ተቀመጠ። ሴቶቹ ተጎሻሸሙ፤ አንዷማ “እናቱን ጥሎ የሰው ለቅሶ” ስትል ሰምቻለሁ። አስጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኩትና፣ “ልጄ፣ ቅዳሜ ይቅርታ ሊልህ ነበር” አልኩት።

“ሱሪውን እስካሁን አላሳጠርኩትም፣ እናቴ” አለኝ።

እንዲያም ሆኖ መጽሐፉን ለመግዛት ፈራሁ። ሱቁ ተዘግቷል፤ የሰፋው ልብስም አንድ ቀን ያልቃል። መጽሐፍ ግን ይቆያል። ባለቤቴ ድራማና ኑሮ መለየት ያቃተው ሰው ሆኖ በዚያ ቢቀርስ?

እሱ ራሱ የሕይወት ታሪክ የሚመዝንበት አንድ ሚዛን ነበረው። ጸሐፊው የተሳሳተበትን ገጽ ፈልጊ፣ ካጣሽ ዝጊው ይለኝ ነበር። መካኒሳ መንገድ ዳር መጽሐፍ ከሚዘረጋው ልጅ ገዛሁና በዚሁ ሚዛን ጀመርኩ። ስድሳ ገጽ ሙሉ ስህተት የለም። መድረክ ሲወጣ አዳራሹ ይነሳለታል፤ አንድ ጊዜ ፈተና ቢወድቅ ጥፋቱ የፈታኙ ነው። ልዘጋው ስል ልብስ ሰፊው መጣ።

መባረሩን ጽፏል፤ የተሳቀበትንም። ቀጥሎ ግን፣ “በሚቀጥለው ቅዳሜ ያ ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ቤቴ መጣ” ይላል። ይቅርታ ጠየቀው፣ ተቃቀፉ፣ እናቱ መረቁት፣ ሱሪውም እዚያው ተለካ።

እሄዳለሁ ባለበት ቅዳሜ ባለቤቴ ከተቀበረ አንድ ቀን ሆኖታል። ልጁ ከእኔ አፍ የሰማውን ለእሱ አፍ ሰጠው እንጂ ጉብኝት የሚባል ነገር አልነበረም። በባለቤቴ ሚዛን ከሄድን፣ ስህተት ያለበት ገጽ ተገኝቷል፤ የተሳሳተው ግን ጸሐፊው ሳይሆን ልጁን ያባረረው፣ ሚዛኑን ያወጣው ሰው ራሱ ነው።

ታዲያ መጽሐፉ ይነበባል ወይ? ለእውነቱ ብላችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ። እኔ ግን ያንን ገጽ አራት ጊዜ አነበብኩት፤ ያን ዳገት ሲወጣው ለማየት።

ምናልባት ብታነቡትና እዚያ ብትደርሱ፣ የልብስ ሰፊው ስም አልተጻፈም። ዘለቀ ይባላል። በጸሎት ለምታስቡት፣ የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። ቀጣዩን ገጽ ሳትገልጡ ነፍስ ይማር በሉልኝ።