ያልደረቀ ቀለም

የምናገረውን ሁሉ በትክክል አስታውሳለሁ አልልም። ቀለሙን ሁለት ጊዜ ደረብኩ እላለሁ፤ ሦስት ጊዜም ሊሆን ይችላል። ቅዳሜ ነበር እላለሁ፤ ይህን ያወቅሁትም በማግስቱ ወንድሜ ስለመጣ ነው። ንዴቴን ግን አልረሳሁትም፤ እስካሁን ሲነሳብኝ ጆሮዬ ይግላል።

ለመሆኑ እኛ ሰፈር ጥንቃቄ የሚፈልግ ሥራ በግቢው ውስጥ ሠርቶ የጨረሰ ሰው አለ? ከእኛ ቤት ቁልቁል አንድ ሙሉ ቋጥኝ ተፈልፍሎ ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። ጠራቢዎቹ “ትንሽ ቢንጋደድ ችግር የለውም” የሚል ጎረቤት አልነበራቸውም ማለት ነው። እኔ ግን አለኝ።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከቤታችን በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ኩልመስክ ከተማ የሚነግደው ታላቅ ወንድሜ አስናቀ ሞተር ሳይክሉን ያዋሰኝ ይህን አይቶ ነው። ሲያስረክበኝ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ፤ ያጎሳቆልኳት ቀን ይወስዳታል። ስድስት ወር እንደ እንቁላል ይዤ ነዳኋት። ከዚያ አንድ ቀን ከጋሸና ስመለስ ጠጠር አንሸራተተኝና እኔ በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላ በኩል ወደቅን። የእኔ ጉልበት ተላጠ፤ እሱ ይድናል። የእሷ ሰልባትዮ፣ ማለትም የቤንዚን መያዣዋ፣ ቀይ ቀለሙ ከጎኑ ተገሽልጦ ብረቱ ወጣ። አስናቀ ደግሞ እሑድ እመጣለሁ ብሎ ደወለ።

ሥራውን ደብተር ላይ በተራ ጻፍኩ። ቤንዚኑን ወደ ጀሪካን ገለበጥኩ። ሰልባትዮውን ፈትቼ፣ ክዳኑን ከፍቼ አናፈስኩት። አጠብኩት፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት፤ ፀረ ዝገት ቀባሁት፤ ሲደርቅ እንደገና ፈገፈግሁት። ቅዳሜ ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ አቧራ እንዳይቦን ግቢውን ውሃ አርከፈከፍኩ፤ ዶሮዎቹን ዘጋሁባቸው፤ ሰልባትዮውን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ቀዩን ቀለም ቀባሁ።

ጎረቤታችን ጋሽ ሙሄ፣ የድሮው የጭነት መኪና ሾፌር፣ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ሲያዩኝ ቆዩ። ለዚህች ጭረት ይህ ሁሉ ልፋት ምንድን ነው፣ የአንበሳ ስቲከር ለጥፈህ አትገላገልም አሉኝ። አይሆንም ስላቸው፣ እንግዲያው ፀሐይ ላይ አውጣው፣ ቶሎ ይደርቃል አሉ። በፀሐይ እንደሚያኩረፈርፍ አስረዳኋቸው። ምን አሉ? ችግር የለውም።

እጄን በነጭ ጋዝ ላጸዳ ወደ ጓዳ ገባሁ። አምስት ደቂቃ ብቆይ ነው፤ ቢበዛ ሰባት። ስወጣ የእናቴ የነፍስ አባት መምሬ ፈንታ በርጩማው አጠገብ ቆመዋል፤ የጠበል ጠርሙስ ይዘዋል። እናቴ ከአጠገባቸው አንገቷን ደፍታለች። መስታወት አስመስዬ የተውኩት ሰልባትዮ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት ሆኗል። ከዳር እስከ ዳር የውሃ ጠብታ፤ እያንዳንዱ ጠብታ ቀለሙን ሰርስሮ የራሱን ጉድጓድ ቆፍሯል።

ጠበል መርጨቱን አልቃወምም። አዲስ ቤት ይረጫል፤ አዲስ በሬም፣ ሰው የጣለ ሞተርም ይረጭ። ቀለም እስኪደርቅ መጠበቅ ግን ከየትኛው ሥርዓት ጋር ይጋጫል?

ጮህኩባቸው። ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም፤ ከሁሉ የሚለዝበው “አባቴ፣ ዓይንዎ አያይም እንዴ?” ያልኩት ነው። መምሬ እናቴን አየት አደረጓት፤ ጠርሙሱን ከደኑ፤ እግዜር ይፍታህ ልጄ ብለው ወጡ። እናቴም፣ መምሬ ቆመው እኔ ብቀመጥ እንኳ ቀን ሙሉ የምትቆጣኝ ሴት፣ አንዲት ቃል አልወጣትም። ንዴት ላይ ስለነበርኩ ይህ አላስገረመኝም።

እሑድ አስናቀ መጣ። ጎንበስ ብሎ ጉድጓዶቹን በጣቱ ዳሰሰ። መውደቄን ነገርኩት፤ ቀለሙን በመምሬ አሳበብኩ። በመውደቄ ሳቀ፤ ያ ጠጠር እሱንም ጥሎት ያውቃል። ተረፍኩ ስል ጋሽ ሙሄ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉና የቅዳሜውን ጩኸቴን አንድ ቃል ሳያጎድሉ ተረኩለት። አስናቀ ቁልፉን አምጣ አለኝ። የቀለሙን ነገር ይተውልኝ ነበር፤ ሁለታችንንም ያጠመቁትን አባት የሚያዋርድ ሰው ግን የእሱን ሞተር አይነዳም። ሰልባትዮውን ገጥሞ፣ ቤንዚኑን መልሶ፣ አስነስቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ በእግሬ ነኝ። መሄጃው ሁለት ሰዓት ተኩል፤ መመለሻው ዳገት ስለሆነ ሦስት ሰዓት። በየዳገቱ በልቤ መምሬን እከሳለሁ። መንገድ ላይ ሳያቸውም መስቀል እንዳልሳለም ወደ ሌላ ጎዳና እታጠፋለሁ።

ይህን ልጽፍ ስቀመጥ ግን ዝርዝሩን ላጣራ ብዬ እናቴን ጠየቅኋት፤ መምሬ ስንት ጊዜ ነው የረጩት? ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል፣ እሳቸው መች ረጩ አለችኝ። የረጨችው እሷ ናት፤ ሦስት ጊዜ፣ ይህ ብረት ልጄን ሁለተኛ እንዳይጥልብኝ እያለች። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ ልነግርህ ስል ሞተሩ ሄደ፣ ከሄደ ወዲያ ምን ያደርጋል አለች።

በአንድ ሰው ቃል ብቻ መጻፍ ስለማልወድ ጋሽ ሙሄንም ጠየቅኋቸው። ሁሉንም በአጥሩ ላይ አይተዋል። መምሬ “ተይ፣ ቀለሙ እርጥብ ነው” እያሉ ይለምኗት ነበር። ጠርሙሱ በእጃቸው የተገኘውም ከእናቴ እጅ ነጥቀው ነው።